ሲጠፋ የሚብስበት መስታወት፦ የአንድ መታጠቢያ ቤት የጉዳይ ጥናት

«ወንድሜ፣ መስታወቱ ይነዝረኛል። ሲጠፋ ደግሞ ይብስበታል።»

ስልኩን እንዳነሳሁ አንዲት ሴት ያለችኝ ይህን ነው። መስታወቱ መብራትና ማሞቂያ ያለው አዲስ ዕቃ ነው። ባለቤቷ ራሱ ሰቀለው፣ ራሱ አገናኘው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ይበራል፣ ይሞቃል፣ በሙቅ ውሃ ሻወር ከተወሰደ በኋላም መሀሉ ጉም አይዝም። ታዲያ እሷ ፊቷን ታጥባ በእርጥብ ጣቷ የአልሙኒየም ጠርዙን ስትነካ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ይሰማታል።

ባለቤቷ አላመናትም። እሱም ስንት ጊዜ ነክቶታል፣ ምንም የለም። «የጠፋ ነገር እንዴት ይነዝራል?» አላት።

የእኔን ጆሮ ያቆመው ግን ያ «ሲጠፋ ይብሳል» ያለችው ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከባዶ አይፈጥርም። በስልክ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም። ከብሬከሩ አጥፉት። እስክመጣ ማንም አይንካው።»

ይህን ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈው ሥራው በግዴለሽነት የተሠራ ስላልነበረ ነው። ሰውየው ጠንቃቃ ነው። መመሪያውን አንብቧል፣ ብሬከሩን አጥፍቶ ነው የሠራው፣ ብሎኖቹ እንኳ በውሃ ልክ የተስተካከሉ ናቸው። ያሳሳተው መስታወቱ መሥራቱ ነው። በራለት፣ ጨረስኩ አለ።

ዕቃው ምን ነበር

መስታወቱ 80 በ60 ሳንቲም ሜትር ነው። ዙሪያውን የኤልኢዲ መብራት ተዘርግቶለታል። ከኋላው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፤ የቤቱን 230 ቮልት ወደ 24 ቮልት ለውጦ ለመብራቱ ይሰጣል። ማሞቂያው ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ የተለጠፈ ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ ውስጡ ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች አሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይጠረጥርም እንጂ፣ ንጣፉ በ24 ቮልት አልነበረም የሚሠራው። በቀጥታ 230 ቮልት ነው የሚገባበት። መብራቱ 24 ቮልት ስለሆነ ዕቃው ሁሉ ለስላሳ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። አይደለም። ሰው ፊቱን ከሚያይበት መስታወት ጀርባ፣ ከጥቂት ሚሊሜትር በኋላ፣ ሙሉ የቤት ኮረንቲ አለ።

ኃይሉ ብዙ አይደለም። ማሞቂያው 45 ዋት፣ መብራቱ 30 ዋት። ድምሩ 75 ዋት ለ230 ቮልት ሲካፈል አንድ ሦስተኛ አምፔር ገደማ ይሆናል። «ማሞቂያ» የሚለውን ቃል ሰምተው እንደ ቦይለር ወፍራም ገመድ የሚፈልጉ አሉ። 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ ከበቂ በላይ ነው።

ቦታውንም ለካሁ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቦታ የሚወሰነው ከውሃው በሚርቅበት ክልል ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ክፍሉን በክልል ይከፍለዋል። ገንዳው ውስጥ ዜሮ ነው። ከገንዳው ወይም ከሻወር መቆሚያው በላይ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ አንድ ነው። ከዚያ ጠርዝ ወደ ጎን 60 ሳንቲም ሜትር ሁለተኛው ክልል ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው የሚገባ ዕቃ ቢያንስ አይፒኤክስ 4 መሆን አለበት፤ ማለትም ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ የማይበግረው። የዚህ መስታወት ጠርዝ ከሻወር መቆሚያው 82 ሳንቲም ሜትር ይርቃል፣ ዕቃው ደግሞ አይፒ 44 ነው። ቦታው ጥሩ፣ ዕቃውም ጥሩ። ስለዚህ ችግሩ ከግድግዳው በስተጀርባ ነው ማለት ነው።

መለኪያው ያሳየው

መስታወቱን ከማውረዴ በፊት፣ ኮረንቲ እንዳለ፣ መልቲሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ የአልሙኒየም ጠርዙ ላይ፣ ሌላውን የውሃ ቧንቧው ብረት ላይ። ቧንቧው በእርግጥ ከመሬት ጋር የተያያዘ መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጬ ነበር፤ ያ ካልሆነ ንባቡ ትርጉም የለውም።

መብራቱ በርቶ፦ 108 ቮልት።

ባለቤትየው አጠገቤ ቆሟል። «አጥፋው» አልኩት። ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አደረገ። መብራቱ ጠፋ። መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ወደ 221 ወጣ።

ዝም አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ልክ ነበርሽ» አላት። ከዚያ ቀን ሥራ በጣም የወደድኩት ይህችን ነው።

108 ቮልት ከየት መጣ? ድራይቨሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። አንዱ ከፌዙ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ ብረቱ አካል፣ ሌላው ከኒውትራሉ (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ብረቱ አካል ይያያዛል። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ብረቱ በግራውንድ ሽቦ ከመሬት ጋር ከተያያዘ፣ በካፓሲተሩ የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ በሽቦው ወርዶ ይሄዳል፣ ማንም አይሰማውም። ግራውንድ ከሌለ ግን ብረቱ በፌዝና በኒውትራል መሀል ተንጠልጥሎ የቮልቱን ግማሽ ገደማ ይይዛል። ኮረንቲው ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ አይገድልም። እርጥብ ጣት ግን ያውቀዋል። ባለቤትየው ያልተሰማው በደረቅ እጅ፣ የጎማ ጫማ አድርጎ ስለሚነካው ነው። እሷ በባዶ እግሯ ነች፣ አንድ እጇም ቧንቧው ላይ ነው።

221 ቮልቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነገረኝ። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን ቢቆርጥ ኖሮ ቁጥሩ ወደ ታች ነበር የሚወርደው። ወደ ላይ ከወጣ የሚቆረጠው ኒውትራሉ ነው። ፌዙ ሁልጊዜ መስታወቱ ውስጥ አለ። ሲጠፋ መብራቱ የሚጠፋው መመለሻ መንገድ አጥቶ ነው እንጂ ኮረንቲው ስለወጣ አይደለም። ያኔ ሁለቱም ካፓሲተሮች የሚጎትቱት ከፌዙ ነው። ሴትየዋን ከበራው ይልቅ የጠፋው መስታወት ለምን እንደሚነዝራት መልሱ ይኸው።

በቴፕ የተጠቀለለው ሽቦ

ብሬከሩን አጠፋን። ከዚያ ቴስተሬን መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በማውቀው ሶኬት ላይ ሞከርኩ፣ ቀጥሎ በመስታወቱ ሽቦዎች ላይ፣ ከዚያ እንደገና በሶኬቱ ላይ። ይህ ሦስተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ግን መሀል ላይ ቴስተሩ ራሱ ቢሞትስ? «የለም» ያለህ ኮረንቲ ሳይሆን መሣሪያው የጠፋ ሊሆን ይችላል። ካቻቪቴ የሚመስለው ባለትንሽ አምፖል ቴስተር ደግሞ የሚበራው በሰውነትህ በኩል በሚያልፍ ኮረንቲ ስለሆነ፣ ወፍራም ጫማ አድርጎ መሰላል ላይ የቆመን ሰው ሊያታልል ይችላል። ለዚህ ሥራ ሁለት ጫፍ ያለው መለኪያ ያዝ።

መስታወቱን አወረድነው። ከኋላው ሦስት ሽቦ ይወጣል፦ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ። ቡናማውና ሰማያዊው በተርሚናል ጥሩ ሆነው ታስረዋል። አረንጓዴና ቢጫው ተጠምዝዞ፣ እንደ ተጎዳ ጣት በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ፣ ከጀርባው ባለ ክፍተት ውስጥ ተሸጉጧል። በጥንቃቄ ነው የተጠቀለለው። አራት አምስት ዙር፣ ጫፉም ታጥፎ።

«ከግድግዳው የወጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው» አለኝ። «ለሦስተኛው የሚገባበት አጣሁ። ራቁቱን ከምተወው ብዬ ሸፈንኩት።»

እዚያ ቦታ ላይ የነበረው አሮጌ መብራት አካሉ ፕላስቲክ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ድርብ መከላከያ ስላለው ግራውንድ አያስፈልገውም፤ ምልክቱ በትልቁ ካሬ ውስጥ ያለ ትንሽ ካሬ ነው። ያኔ የሠራው ሰው ሁለት ሽቦ ብቻ ጎተተ። ለዚያ መብራት በቂ ነበር። የአሁኑ መስታወት ግን ብረት ለብሷል፣ ምልክቱም የግራውንድ ምልክት ነው። አዲስ ዕቃ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ይህን ቢሆን ደስ ይለኛል። ካሬ በካሬ ነው ወይስ የግራውንድ ምልክት? ግድግዳህ ውስጥ ስንት ሽቦ ሊኖር እንደሚገባ የሚነግርህ እሱ ነው።

ከዚያ ባለቤትየው ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁለቱም በየቤቱ የሚሠሩ ነገሮች ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

የመጀመሪያው፦ «ቧንቧው ከመሬት ጋር ከተያያዘ፣ አረንጓዴውን እዚያ ባስረውስ?» ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ሥራው ግን አደገኛ ነው። ዛሬ ከቧንቧው መስመር መሀል አንድ ሜትር በፕላስቲክ ሊተካ ይችላል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ግራውንድህን እንደቆረጠ አያውቅም። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠር ኮረንቲው በቤቱ ባሉ ቧንቧዎች ሁሉ ይዞራል። ወጥ ቤት ዕቃ የሚያጥበው ሰው በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ይያዛል። ቧንቧን ከግራውንድ ጋር ማያያዝ ተገቢ ሥራ ነው። ቧንቧን ግራውንድ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው፦ «ኒውትራልና ግራውንድ መጨረሻቸው አንድ አይደል? እዚሁ ከኒውትራሉ ጋር ላገናኘውስ?» ይህ ከመጀመሪያውም ይብሳል። ኒውትራሉ በየትኛውም ቦታ ቢላቀቅ፣ አንድ ብሎን እንኳ ቢላላ፣ ፌዙ በማሞቂያው በኩል አልፎ ወደ ኒውትራሉ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ብረቱ ይመጣል። የመስታወቱ ጠርዝ ሙሉ 230 ቮልት ይይዛል። እዚህ ቤት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው። ያንን አገናኝቶ ቢሆን ኖሮ መብራቱን ባጠፋች ቁጥር ጠርዙ ሙሉ ፌዝ ይሆን ነበር። ይህን ስነግረው ተቀመጠ።

ብሬከሩ አያድንም ወይ?

«ብሬከር አለኮ» ይላል ሰው። አለ፣ 10 አምፔር ነው። 10 አምፔር 10,000 ሚሊአምፔር ነው። ሰው ላይ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሲያልፍ ልብን ሊያውክ ይችላል። እርጥብ ሰውነትን 1,000 ኦም ብንለው፣ 230 ቮልት ሲነካው 230 ሚሊአምፔር ያልፍበታል። ብሬከሩ ይህን እንደ አንድ 50 ዋት አምፖል ነው የሚያየው። ብሬከር የተሠራው ገመዱን ከእሳት ለመጠበቅ ነው።

ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ ነው። የሚሠራው አንድ ቀላል ነገር ነው፦ በፌዙ የወጣው ኮረንቲ በኒውትራሉ ተመልሷል ወይ ብሎ ያወዳድራል። 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ፣ በሌላ መንገድ ሄዷል ማለት ነውና ይቆርጣል። በዚህ ቤት አልነበረም።

ግራውንድ ከሌለ አርሲዲ ብቻውን ይሠራል? ይሠራል፣ ግን ለመቁረጥ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል፤ የኮረንቲው መንገድ አንተ ትሆናለህ። ግራውንድ ካለ ግን ብልሽቱ እንደተፈጠረ ኮረንቲው በሽቦው ይወርድና ማንም ሳይነካው ይቆረጣል። ሁለቱም የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። የመስታወቱ ንጣፍ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ወይም እንፋሎት ቢገባበት፣ ያንን ቀን እያሰብን ነው የምንሠራው።

ጥገናው

ኮርኒሱ ላይ ያለውን የማገናኛ ሳጥን ከፈትኩ። ደግነቱ ግራውንድ እዚያ ድረስ መጥቷል። ወደ ዋናው የግራውንድ ማሰሪያ ያለውን መስመር ለካሁ፤ ግማሽ ኦም እንኳ አልሞላም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦም ክፍት ነበር። አሮጌዎቹን ሁለት ሽቦዎች እንደ ገመድ ተጠቅመን ሦስት አዳዲስ 1.5 ሽቦ ጎተትን። ባለቤትየው ከታች እየገፋ፣ እኔ ከላይ እየሳብኩ። ሴራሚክ ሳይነካ አለቀ። ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ቱቦ የሌለበት ግድግዳ ቢሆን ልስን መቆፈር ግድ ነበር፤ ያም ቢሆን መቆፈር ነው እንጂ ሌላ አማራጭ የለም።

እዚያው ሳጥን ውስጥ የማብሪያ ማጥፊያውን ሽቦዎች ከኒውትራሉ ፈትቼ ወደ ፌዙ አዛወርኳቸው። ከዚያ መስታወቱን ሳላገናኝ አዲሱን ገመድ በ500 ቮልት ሜገር፣ የገመድ ሽፋን ኮረንቲ እንደማያሾልክ በሚለካው መሣሪያ፣ ፈተሽኩ። ዝቅተኛው የሚፈቀደው 1 ሜጋኦም ነው፤ የእኛ ከ200 በላይ ነበር። መስታወቱ ተገናኝቶ ይህን ፍተሻ ማድረግ ድራይቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ለመታጠቢያ ቤቱ መስመር 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ገጠምኩ። መስታወቱን አገናኘን። ማብሪያውን ተጫንን።

ቀጭ። አርሲዲው ወደቀ፣ መስመሩን ቆረጠ።

መለስኩት። ማብሪያውን ስንነካ እንደገና ወደቀ።

«ዕቃው የተበላሸ ይሆን?» አለ ባለቤትየው። ብዙ ቤት አርሲዲ ተነቅሎ የሚጣለው እዚች ደቂቃ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ሲሠራ የነበረ፣ እሱ ከገባ በኋላ እንቢ ያለ ይመስላል። ግን እየዋሸ አልነበረም። አንድ ነገር እየነገረን ነበር።

ኮርኒሱ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ሁለት የኒውትራል ጥቅሎች ነበሩ። አንዱ የመታጠቢያ ቤቱ፣ ሌላው የኮሪደሩ መብራት። አሮጌው መብራት ኒውትራሉን የወሰደው ከኮሪደሩ ነበር፣ እኔም አዲሱን ሽቦ እዚያው ቦታ አስሬዋለሁ። ማየት ነበረብኝ። ፌዙ በአርሲዲው በኩል ይወጣል፣ መመለሻው ግን በሌላ ብሬከር መስመር ይሄዳል። ለአርሲዲው ይህ ኮረንቲ እንደጠፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ያንን ጥቅል ከመፍታቴ በፊት የኮሪደሩንም ብሬከር አጥፍቻለሁ። የመታጠቢያ ቤቱን ብቻ አጥፍቶ የተጋራ ኒውትራልን የሚፈታ ሰው፣ የኮሪደሩ አምፖል በርቶ ከሆነ፣ በአምፖሉ በኩል የመጣ 230 ቮልት ጣቱ ላይ ያገኛል። ኒውትራል ነው ብሎ የነካው ሽቦ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ሳጥን ሲከፈት ዋናውን ማጥፋት ይሻላል። በብዙ አገርም የመታጠቢያ ቤት መስመርን መቀየር ለባለሙያ ብቻ የተተወ ነው፣ እንዲህ ያለውን ሳጥን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ኒውትራሉን ወደ ራሱ ጥቅል መለስኩት። አርሲዲው ሳይወድቅ ቆየ። በመለኪያ 30 ሚሊአምፔር ሳፈስበት በ26 ሚሊሰከንድ ቆረጠ፤ የሚፈቀድለት እስከ 300 ነው። ከጠርዙ ወደ ቧንቧው ያለው ቮልት በርቶም ጠፍቶም ዜሮ ሆነ።

መስታወቱን ከመስቀላችን በፊት ባለቤትየው ሲሊኮን አምጥቶ ነበር። ሸተትኩት፣ የኮምጣጤ ሽታ አለው። እንዲህ ያለው ሲሊኮን ከመስታወት ጀርባ ያለውን የብር ሽፋን ይበላዋል፤ ከጊዜ በኋላ ጠርዙ ይጠቁራል። ለመስታወት ተብሎ የተሠራውን እንዲገዛ ነገርኩት፤ ላዩንና ጎኖቹን ብቻ ይቀባል፣ ታቹ ክፍት ይሁን፣ ከኋላ የሚገባ እርጥበት መውጫ ያግኝ። ማሞቂያውም ከመብራቱ ጋር በአንድ ማብሪያ እንዲሆን ተስማማን፤ ሰው ሲወጣ አብሮ ይጠፋል።

አርሲዲው ላይ «ቲ» የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ። በየጥቂት ወሩ ተጫኑት አልኳቸው። እሷ ሄዳ ተጫነችው፣ መታጠቢያ ቤቱ ጨለመ፣ መለሰችው። ባለቤትየው ደግሞ ያንን በቴፕ የተጠቀለለ ቁራጭ ሽቦ ከወለሉ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

የኮሪደሩ መብራት ገና ነው። እሱም ሲጠፋ ኒውትራሉን እንደሚቆርጥ በዚያው ቀን ለክቻለሁ። ቅዳሜ ተቀጣጥረናል። እስከዚያ አምፖል መቀየር ካስፈለጋቸው ከብሬከሩ ያጠፉታል።